የጊታር ጐን ስለሚሆን እንጨትና ስለ አጣጠፉ

ጊታር የተባለው የሙዚቃ መሣሪያ ከአንገቱ በታች ያለው ክፍሉ ሣጥን ነው፤ ሣጥኑም ፊት፣ ጀርባና ጐን አለው። ፊቱና ጀርባው ዝርግ ጣውላ ስለ ሆኑ አሠራራቸው ለማንኛውም አናጢ የሚያስቸግር አይደለም። ጐኑ ግን በወገቡ ላይ ወደ ውስጥ ገብቶ በላይና በታች የሚሰፋ በመሆኑ፣ ቀጥ ብሎ የበቀለ ደረቅ እንጨት ሳይሰበር ይህን ቅርጽ እንዴት ሊይዝ እንደሚችል ብዙ ሰው ይገረማል። ሥራው የሚፈጸመው በሙቀት፣ በጥቂት ውሃና በትዕግሥት ነው። ነገር ግን ሠሪው ከእሳቱ አጠገብ ከመቆሙ አስቀድሞ የእንጨቱ ዕድል በአመዛኙ ተወስኖ ያለቀ ነው፤ የወሰነውም ግንዱን የሰነጠቀውና ጣውላውን ያደረቀው ሰው ነው። በማጠፊያው ብረት ላይ ቋ ብሎ ለሚሰበር ጐን ሠሪው ቢወቀስም ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመሰንጠቂያ ቤቱ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ የእንጨት ነጋዴውን በቀጥታ ይመለከታል።

ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቁት ጊታር ሠሪዎች ለጐንና ለጀርባ የሚመርጡት ሮዝዉድ የተባለውን፣ ከብራዚልና ከሕንድ የሚመጣውን ጥቁር ቡናማ እንጨት ነበር። የብራዚሉ ዛፍ በመመናመኑ እ.ኤ.አ. በ1992 በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት መሠረት ለንግድ እንዳይቀርብ ተከለከለ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2 ቀን 2017 ጀምሮ ደግሞ የዚሁ ወገን የሆኑት ዛፎች በሙሉ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር እንዳያልፉ ተደረገ። በአገራችን ቆላ የሚበቅለው ዞጲም ከዚሁ ወገን ስለ ሆነ ደንቡ ይመለከተዋል። የመሣሪያ ነጋዴዎች አቤቱታ ካቀረቡ በኋላ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ተሠርቶ ላለቀ የሙዚቃ መሣሪያ ነጻነት ተሰጠ፤ የብራዚሉ እንጨት ግን ከዚህ ነጻነት አልተካፈለም፤ ያልተሠራውም እንጨት እስካሁን ፈቃድ ይጠየቅበታል። በዚህ ምክንያት ሠሪዎች ወረቀት የማያበዛ፣ በቅርብ የሚገኝ እንጨት መፈለግ ጀመሩ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የጐኑ እንጨት ሲለወጥ ድምፁ አይበላሽምን? ዘመናዊው ጊታር ቅርጹን ያገኘበት የስፔኑ ሠሪ አንቶንዮ ዴ ቶሬስ፣ ድምፁን የሚሰጠው በይበልጥ ፊቱ መሆኑን ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1862 ጐኑና ጀርባው ከወረቀትና ከሙጫ የተለበጠ ጊታር ሠርቶ ነበር። በቅርቡም በእንግሊዝ አገር የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የጀርባቸውና የጐናቸው እንጨት ብቻ የተለያየ 6 ጊታሮችን አሠርተው 52 ተጫዋቾች በደብዛዛ ክፍል፣ ዓይናቸውን በበያጅ መነጽር ጋርደው እንዲሞክሯቸው አደረጉ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2018 አወጡት። ተጫዋቾቹ እጅግ ውድ የሆነውን እንጨት ከርካሹ በድምፁ ሊለዩት አልቻሉም። ገዢው የሚከፍለው ለመልክና ለስም ጭምር መሆኑን ነጋዴ የሆነ ሁሉ ስለሚያውቅ ይህ ውጤት የሮዝዉድን ዋጋ በአንድ ቀን አያወርደውም፤ ለአገር በቀል እንጨት ግን በሩን ይከፍታል።

በዚህ በር አስቀድመው የገቡት አውስትራልያውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 የእንጨት ሥራ መምህርና የጃዝ ተጫዋች የነበረው ቢል ሜይ በሜልበርን ከተማ ማቶን የተባለውን የጊታር ፋብሪካ አቋቋመ። በዚያን ጊዜ ደኅና ጊታር ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ብቻ የሚመጣ ይመስል ነበር። ፋብሪካው ግን ከዓመታት በኋላ ለጐንና ለጀርባ የሚሆነውን እንጨት በገዛ አገሩ ደን ውስጥ አገኘው፤ ከነዚህም ዋናው እነርሱ ጥቁር እንጨት ብለው የሚጠሩት የግራር ዘመድ ነው። ይህ ዛፍ በአውስትራልያ ምሥራቅና በታዝማንያ ደሴት ይበቅላል፤ ሲደርቅ አንዱ ሜትር ኩብ 640 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ መልኩም ከወርቅማ ቡናማ እስከ ጥቁር ቡናማ ይደርሳል፤ ሲታጠፍም ገር ነው። በአገራችን ጥቁር እንጨት ከሚባለው ዛፍ ጋር ስሙ እንጂ ወገኑ አንድ አይደለም። ለኢትዮጵያ አንባቢ ሊያስደንቅ የሚገባው ግን፣ በአገራችን ኦሜድላ የሚባለው ዛፍ ይኸው የአውስትራልያ እንጨት መሆኑ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባውን ባሕር ዛፍ ማን እንደ ላከልን ሁሉም ያውቃል፤ የኦሜድላ አገር ግን ያው መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ አጣጠፉ እንመለስ። እንጨት ከቀጫጭንና ከረዣዥም ክሮች የተሠራ ነው፤ ክሮቹንም እርስ በርሳቸው አጣብቆ የያዛቸው ሊግኒን የተባለ ሙጫ መሰል ነገር ነው። ሊግኒን ሲቀዘቅዝ ደረቅ ነው፤ እርጥበት ባለበት ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረብ ግን እንደ ሰም ይለሰልሳል፤ ክሮቹም አንዱ በአንዱ ላይ ጥቂት ሊንሸራተቱ ይችላሉ። እንጨቱ በተፈለገው ቅርጽ ተይዞ ሲቀዘቅዝ ሊግኒኑ መልሶ ይጠነክርና ክሮቹን በአዲሱ ቦታቸው ያስራቸዋል። ዱላውን በረመጥ አሙቆ የሚያቃና እረኛ የሚሠራው ይህንኑ ነው። እንግዲህ የሚያጥፈው ሙቀቱ እንጂ ውሃው አይደለም፤ የውሃው ሥራ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ማድረስና ገጹ እንዳያር መጠበቅ ነው። እንጨቱን ሌሊቱን በሙሉ ዘፍዝፎ ማሳደር ይጠቅማል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን እንዲህ የራሰ ቀጭን ጣውላ ሲደርቅ ስለሚጐብጥና ገጹ ስለሚሸበሸብ፣ ለጥቂት ደቂቃ ማራስ ወይም ውሃ መርጨት ይበቃል።

እንጨት ሲጨመቅ ይታገሣል፤ ሲሳብ ግን አይታገሥም። በሚገባ የሞቀ እርጥብ እንጨት ሲጨመቅ ከመቶ 25 ወይም 30 እጅ ድረስ ሊያጥር ይችላል፤ ሲሳብ ግን ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ብቻ ረዝሞ ይበጠሳል። ጐኑ ሲታጠፍ የውስጡ ገጽ ይጨመቃል፤ የውጭው ገጽ ይሳባል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚሰነጠቀው በውጭ በኩል ነው። ለምሳሌ የወገቡ ክብ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 75 ሚሊሜትር ቢሆንና የጐኑ ውፍረት 2.2 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የውጭው ገጽ ከውስጡ ከመቶ 3 እጅ ያህል መብለጥ አለበት፤ ይህንንም ሁለቱ ገጾች እኩል ቢካፈሉት የውጭው ድርሻ ከመቶ 1 ተኩል እጅ ነው። ይህ ከወሰኑ በታች ነው። ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር ቢሆን ግን ድርሻው ከመቶ 2 እጅ ያልፋል፤ እንጨቱም ይሰበራል። በአንድ ሚሊሜትር ምክንያት የአንድ ቀን ሥራ ይጠፋል ማለት ነው። ሠሪዎች ጐኑን ወደ 2 ሚሊሜትር፣ ቢበዛ እስከ 2 ሚሊሜትር ተኩል ድረስ እኩል አድርገው የሚልጉት ስለዚህ ነው። እኩል መሆኑም ከመቅጠኑ ያላነሰ ያስፈልጋል፤ በአንድ ስፍራ የሳሳ ጣውላ በዚያው ስፍራ ብቻ እጥፍ ብሎ ማዕዘን ያወጣልና።

የጥንቱ ማጠፊያ አንድ የብረት ቧንቧ ነው፤ በውስጡ ከሰል፣ ጋዝ ወይም ኤሌክትሪክ ይገባበትና ገጹ ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ሙቀቱ መድረሱ የሚታወቀው የውሃ ጠብታ ሲያርፍበት እየዘለለ ሲጠፋ ነው። 80 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጐን ከወገቡ ይጀመራል፤ የራሰው ጣውላ በብረቱ ላይ ተደግፎ ወዲያና ወዲህ ቀስ እየተባለ ይመላለሳል። ጀማሪ ሠሪ በዚህ ጊዜ ይገፋል፤ የለመደው ግን ይጠብቃል። እንጨቱ እስኪሞቅ ድረስ እንደ ምንጭር ይመልሳል፤ ሲሞቅ ግን ድንገት እሺ ይልና ከእጅ በታች ይለሰልሳል፤ መታጠፍ የሚገባው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በየጊዜው በወረቀት ላይ ከተሳለው ቅርጽ ጋር ይመሳከራል፤ ከዚያም በቅርጽ መያዣው ውስጥ ታስሮ ቢያንስ እስከ ማግሥቱ ይቆያል። ሲፈታ ጥቂት ስለሚመለስ አስቀድሞ ትንሽ አብልጦ ማጠፍ ልማድ ነው።

ብዙ ጐን ለሚያጥፍ ቤት መኪና አለ። አሜሪካዊው ቻርልስ ፎክስ የሠራው ማጠፊያ በውስጡ የኤሌክትሪክ አምፑሎች ነበሩት፤ ዛሬ በአምፑሉ ፈንታ ከሲሊኮን የተሠራ የሚሞቅ ምንጣፍ ይገባበታል። ጐኑ በሁለት ቀጫጭን የብረት ልባጦች መካከል ተደርጎ በቅርጹ ላይ ይጫናል፤ በውጭ በኩል ያለው ልባጥ የሚሳቡት ክሮች ከገጹ ብድግ እንዳይሉ ይደግፋቸዋል። የግራር ወገን እንጨት ቆዳ ፋቂዎች የሚፈልጉት ታኒን ስላለበት፣ ርጥብ ሆኖ ተራ ብረት ሲነካው ይጠቁራል፤ በመካከሉ ወረቀትና የአሉሚኒየም ቅጠል የሚደረገው ይህን ለመከላከል ነው።

እስከዚህ ያለው የሠሪው ሥራ ነው። የነጋዴው የሚጀምረው በግንዱ ላይ ነው። መጋዝ የክሩን መንገድ አይከተልም፤ ወደ ተገፋበት ይሄዳል። ግንዱ ጥቂት የተጣመመ ሲሆንና መጋዙ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጣውላው ለዓይን የተቃና ይመስላል፤ ክሮቹ ግን ከአንዱ ገጽ ገብተው በሌላው ይወጣሉ። ክሩ በ20 ሳንቲሜትር ውስጥ 1 ሳንቲሜትር ብቻ ቢያዘነብል፣ 2.2 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ጐን ውስጥ እያንዳንዱ ክር ከ4.4 ሳንቲሜትር በኋላ ያልቃል። እንዲህ ያለው ጐን በረዣዥም ክሮች የተያያዘ ሳይሆን በአጫጭር ቍርጥራጮች የተደራረበ ነው፤ በወገቡ ላይ ሲደርስ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጣል። በጠረጴዛና በቁምሣጥን ሥራ ላይ ይህ ጉድለት ማንንም ስለማይጐዳ መሰንጠቂያ ቤቶቻችን ሊጠነቀቁለት አልለመዱም፤ አይፈረድባቸውም።

መድኃኒቱ ግን ርካሽ ነው፤ ይኸውም መጥረቢያ ነው። መጥረቢያና ሽብልቅ ከክሩ መንገድ አይወጡም። ከግንዱ ጫፍ አንድ ቁራጭ በሽብልቅ ቢፈለጥ የተፈለጠው ገጽ የክሩን እውነተኛ መንገድ ያሳያል፤ ጠማማ ሆኖ ከተፈለጠ ያ ግንድ ለጐን አይሆንምና ለሌላ ሥራ ይሽጡት። ቀጥ ብሎ ከተፈለጠ መጋዙ ከዚሁ ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ መሄድ አለበት። ደግሞም ጣውላው ከግንዱ እንብርት ወደ ቅርፊቱ በሚያመራው መስመር፣ የዕድሜው ቀለበቶች በጣውላው ውፍረት ላይ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ሆኖ ቢሰነጠቅ፣ ሲደርቅም ሲታጠፍም ብዙ አይጐብጥም። ይህ አሰነጣጠቅ ከተራው የበለጠ ብክነት አለው፤ ብክነቱን ግን ዋጋው ይሸፍናል።

ከመሰንጠቁ ያላነሰ ጕዳት የሚደርሰው በማድረቅ ነው። ለቤት ዕቃ የሚሆን ጣውላ በምድጃ ቶሎ እንዲደርቅ ይፈለጋል፤ በኃይለኛ ሙቀት የደረቀ እንጨት ግን ለመታጠፍ እምቢተኛ ይሆናል፤ ውሃ ቢረጩበትም እንደ ቀድሞው አይለሰልስም። ለጐን የሚመረጠው በነፋስና በጥላ የደረቀ ነው። በልማድ የሚነገረው ሂሳብ ለ2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው። ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባበት፣ ከላይ ከባድ ነገር ተጭኖት ይደረደራል። ሁለቱ ጫፎቹ ግንዱ በተቈረጠ ዕለት በሰም ወይም በወፍራም ቀለም ካልተደፈኑ በየጫፉ ተሰንጥቆ ከ80 ሳንቲሜትሩ ላይ ይቀንሳል፤ 70 ሳንቲሜትር የቀረው ጐን ደግሞ ምንም ያህል ቢያምር ለትልቅ ጊታር አይበቃም። እርጥበቱ ከመቶ 8 እስከ 12 እጅ ሲወርድ ለሽያጭ ደርሷል። ነጭ የሆነው የቅርፊቱ አጠገብ ክፍል ነቀዝ ስለሚወድ አስቀድሞ መወገድ አለበት፤ ነቀዝ የተገኘበት አንድ ጥቅል ጭነቱን በሙሉ ያስመልሳል።

ስለ ሞገደኛው እንጨትም ጥቂት መናገር ይገባል። አንዳንድ ግንድ ሲሰነጠቅ በገጹ ላይ እንደ ሐር የሚያብለጨልጭ ሞገድ ይታያል፤ ገዢዎችም ለዚህ ብዙ ይከፍላሉ። ሞገዱ ግን የክሩ መታጠፍ ነው፤ ክሩም ስለሚዋልል እያንዳንዱ ሞገድ ለስብራት የተዘጋጀ ስፍራ ነው። ስለዚህ ሞገደኛውን የሚሸጥ ነጋዴ ለገዢው ተጨማሪ ጥንድ ለመተካት ካልተዋዋለ በቀር ስለ መታጠፉ ቃል መግባት የለበትም።

በአገራችን የሙዚቃ መሣሪያ እንጨት በአብዛኛው ይጠረባል፣ ይቦረቦራል እንጂ አይታጠፍም፤ ከዋንዛ ግንድ ተቦርቡሮ የሚወጣው ከበሮ ምስክር ነው። በዋንዛ፣ በዝግባ፣ በኮሶና በጥድ ላይ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 94 ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ እንዳይቈረጡ ከልክሏል፤ አዋጁ በኋላ በቍጥር 542/1999፣ ከዚያም በቍጥር 1065/2010 ተተክቷል፤ የእነዚህን ዛፎች እንጨት የሚገዛ ነጋዴም ግንዱ ከየት እንደ መጣ የሚያስረዳ ወረቀት ሳይዝ ገንዘቡን ባይከፍል ይሻላል። ወይራ ያምራል፤ ነገር ግን እጅግ ከባድ ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ በሞላበት አገር ስለ እርሱ መጠየቅ የተገባ ቢሆንም፣ ክሩ የሚጠማዘዝና ሲደርቅ የሚሰነጠቅ በመሆኑ ለዚህ ሥራ የመጀመሪያው ምርጫ ሊሆን አይችልም። በቡና ጥላነትና በመንገድ ዳር የተተከለውን ግራቪሊያ አውስትራልያውያን ለጊታር ይሠሩበታል፤ በመጋዙ ጊዜ ግን ቆዳን ስለሚያሳክክ ሠራተኞች መጠንቀቅ አለባቸው። የኦሜድላም ዱቄት ለሳንባ ጥሩ አይደለምና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል።

ለሙከራ የሚመረጠው ኦሜድላ ይሆናል። ዛፉ ግን በሜዳ ላይ ብቻውን ሲቆም ከታች ጀምሮ ቅርንጫፍ ስለሚያወጣ፣ በግቢና በመንገድ ዳር ያለው በጕጠት የተሞላ ነው፤ ለጐን የሚሆነው ከሌሎች ዛፎች ጋር ተጠጋግቶ በመብቀል ቀጥ ያለ ግንድ ያወጣው ነው። ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ጕጠት የሌለበት ግንድ ካልተገኘ ድካሙ ከንቱ ነው።

ዕቃው የሚሸጠው በሜትር ኩብ ሳይሆን በጥንድ ነው። አንድ ሙሉ ጥንድ ሁለት ጐንና ሁለት ጀርባ አለው፤ ጐኖቹ 80 በ12 ሳንቲሜትር፣ ጀርባዎቹ 55 በ21 ሳንቲሜትር ሆነው ከ3 እስከ 3 ሚሊሜትር ተኩል ውፍረት ቢሰነጠቁ፣ ሠሪው የሚልገው ጥቂት ተርፎለት በጠቅላላው ከ1.5 ሊትር ያልበለጠ እንጨት ነው። ከአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ከመቶ 70 እጅ በመጋዝ ዱቄትና በውድቅ ቢጠፋ እንኳ 200 ጥንድ ይተርፋል። ሁለቱ ጐኖች ከአንድ ጣውላ ተከፍለው እንደ መጽሐፍ ገጽ ትይዩ መሆን አለባቸው፤ ስለዚህ ከመጋዙ ሲወጡ ወዲያው አንድ ቍጥር ተጽፎባቸው በአንድ ገመድ መታሰር ይገባቸዋል። ከተደባለቁ በኋላ ባለ ጥንዱን መፈለግ የብዙ ቀን ሥራ ነው። በመዝገቡም ላይ የግንዱ ቍጥር፣ የተቈረጠበት ቦታና ወር፣ የተሰነጠቀበት ቀንና ሲታሰር የነበረው እርጥበት ይጻፋል። ከእያንዳንዱ ግንድ አንድ ጐን ተለግቶ በጋለ ቧንቧ ላይ ይሞከር፤ የታጠፈው ናሙና ከጥቅሉ ጋር ይላካል፤ የተሰበረውም ቢሆን የግንዱ ቍጥር ተጽፎበት በመጋዘኑ ውስጥ ይቀመጣል።